ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው አማርኛ

በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሲታመም የሚታዘዝለት መድኃኒት አንድ ነው፤ ‹‹ፎርማት ይደረግ!››። ቫይረስ ገባበት? ፎርማት ይደረግ። ተንቀራፈፈ? ፎርማት ይደረግ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ግን ፎርማትም አያድነውም። ይነቀልና ሌላ ይተከልለታል። አዲሱ ሃርድ ዲስክ ባዶ ነው፤ ዊንዶውስ ካልተጫነበት ቆርቆሮ ማለት ነው። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ያ ዊንዶውስ ሲጫን የትኛው ቋንቋ አብሮ ይገባ ነበር፣ የትኛውስ ደጅ ይጠና ነበር ብለን ነው። ነገሩ አዲስ አበባ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚያየው ያን ያህል አይታይም። ከሚሴ ላይ ግን ፍንትው ይላል።

ለምን ከሚሴ? ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ፣ ኮምቦልቻ ሳትደርሱ የምታገኟት፣ ብዙዎቻችን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ የምናውቃት ሞቃት ከተማ ናት። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ። ከባቲ እስከ ጅሌ ጥሙጋ ባለው በዚህ ዞን አፋን ኦሮሞ የሥራና የትምህርት ቋንቋ ነው፤ የሚጻፈውም በቁቤ። ክልሉ ደግሞ የሚሠራው በአማርኛ ነው። ስለዚህ ወደ ወረዳ የሚወርደውና ወደ ባሕር ዳር የሚላከው ደብዳቤ ከአንድ ኮምፒውተር ሊወጣ ይችላል፤ በሁለት ቋንቋ ብቻ ሳይሆን በሁለት ፊደል። (ወሎ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ አይደለም። ሼኾቹ የአማርኛ መንዙማቸውን በዓረብኛ ፊደል፣ በአጀም፣ ሲጽፉ ኖረዋል።)

ዊንዶውስ ኤክስፒን የጫነ ሰው ሥርዓቱን በቃሉ ያውቀዋል። ሲስተም ዩኒቱ ይከፈታል፣ ሰፊው ሪባን ኬብል ይነቀላል፣ ብሎኖቹ ይፈታሉ። የአዲሱ ሃርድ ዲስክ ጃምፐር ‹‹ማስተር›› ላይ መሆኗ ይታያል። ሲዲው ይገባል፣ ሰማያዊው ገጽ ይመጣል። ዲስኩ ሲ እና ዲ ተብሎ ይከፈላል፤ ሲ ለዊንዶውስ፣ ዲ ለፋይል። ይህ ብልሃት ሲስተሙ ሲበላሽ ፋይሉን ያድናል፤ ዲስኩ ራሱ ሲሞት ግን ሲም ዲም አንድ ላይ ይቀበራሉ። ከዚያ ‹‹39 ደቂቃ ቀርቷል›› ይላል፤ የማኪያቶ ሰዓት ነው። በመካከሉ አገርና ቋንቋ ምረጡ የሚል ገጽ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኤክስፒ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም። አፋን ኦሮሞም የለም። ልዩነቱ አፋን ኦሮሞ ዝርዝሩ ውስጥ መግባት አላስፈለገውም።

ምክንያቱም ቁቤ የላቲን ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1991 በኦነግ ጥሪ አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት ከ1,000 በላይ የኦሮሞ ምሁራን ላቲኑን ሲመርጡ ዋናው ክርክራቸው የድምፅ ጉዳይ ነበር። አፋን ኦሮሞ 5 አጫጭርና 5 ረጃጅም አናባቢዎች አሉት፤ የግዕዝ ፊደል ርዝመቱንም ሆነ መጥበቅና መላላቱን አያሳይም። (እኛም እኮ ‹‹ገና›› የሚለውን ቃል በዓሉ ይሁን ‹‹ገና ነው›› ለማለት ከዐውዱ ነው የምንለየው።) የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ጥላሁን ጋምታ ላቲን የተመረጠበትን ምክንያት ሲያስረዱ ግን ከቋንቋውና ከማስተማሩ ጉዳይ ሌላ ተግባራዊ የሚሉትንም ይጨምራሉ፤ ለኮምፒውተር መመቸቱን። በዚያን ጊዜ ስንቱ ቢሮ ኮምፒውተር ነበረውና! ቢሆንም ልክ ነበሩ። ለፖለቲካው ክርክር ሌላ ቀን እንመለስበታለን፤ አሁን የያዝነው ሃርድ ዲስክ ነው።

የኮምፒውተሩ ዓለም ፊደልን በቁጥር ሲያስቀምጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው አስኪ በሚባለው ሠንጠረዥ ነው። ቦታው 128 ብቻ ነው፤ ሰፍቶም 256 ደረሰ። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 ሲባዛ በ7 ብቻ 231 ነው። ዲቃላዎቹን፣ አኃዙንና ሥርዓተ ነጥቡን ስትጨምሩበት ሠንጠረዡ ሞልቶ ይፈስሳል። ችግሩ ዱሮም ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ታይፕ ራይተር ሲሠሩ የገጠማቸው ይኸው የቦታ ጥበት ነው። በታይፕ ራይተር አማርኛ ፊደሉ ከቁራጭ ይገጣጠማል፤ መጀመሪያ ግንዱ፣ ቀጥሎ ቅጥያው።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. የመጡት የአማርኛ ሶፍትዌሮች፣ እነ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ፣ የወሰዱት መንገድ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የላቲኑን ቦታ ይዘው የግዕዝ መልክ አለበሱት። አንዳንዶቹ ፊደሉን ከሁለት ቁራጭ ገጣጠሙ፣ አንዳንዶቹ አኃዙን በሌላ ፎንት አስቀመጡት። ለዚያ ጊዜ ትልቅ ብልሃት ነበር፤ ጋዜጣው፣ መጽሐፉ፣ የክስ ማመልከቻው ሁሉ በዚህ ነው የተጻፈው። ግን ልብ በሉ። ጸሐፊዋ ‹‹ከሚሴ›› ብላ ስትጽፍ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ከሚሴ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ላይ የተቀመጠው ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ነው። አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ ደብዳቤው የዛር ቋንቋ ይሆናል።

እንግዲህ ሃርድ ዲስክ ሲቀየር የሚሆነውን አስቡት። ዊንዶውስ ተጫነ፣ ዎርድ ተጫነ። ከፍሎፒ የተረፈው የአፋን ኦሮሞ ደብዳቤ ሲከፈት ቁልጭ ብሎ ይነበባል፤ ጥፋቱ ቢኖር ዎርድ እንግሊዝኛ መስሎት ቃሉን ሁሉ በቀይ ማስመሩ ነው። አማርኛው ግን ሌላ ሲዲ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሲዲው ሥሪቱ የተለየ ከሆነ፣ ወይም ያኛው ቢሮ በቪዥዋል ይኼኛው በፓወር ከጻፈ፣ እንደገና የዛር ቋንቋ። የፌዴራሉ፣ የክልሉና የአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ቋንቋ የሆነው አማርኛ፣ ከሚሴ ቢሮ ውስጥ ባዶ ዊንዶውስ ላይ እንግዳ ሆኖ ሲቆም፣ ገና በ1984 ዓ.ም. ፊደሉ የተወሰነለት ጎረቤቱ ባለቤት ነበር። ታሪክ እንዲህም ትቀልዳለች።

መፍትሔው የመጣው በ1999 ነው፤ ሁለት ጊዜ። በፈረንጁ 1999 ዩኒኮድ 3.0 ወጣ። ፍሥሐ አጥላው፣ ዳንኤል ያዕቆብና ሌሎች ለዓመታት የደከሙበት ነገር ሆነና 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች የየራሳቸውን ቁጥር አገኙ። ከእንግዲህ ‹‹ከ›› ማንኛውም ዲስክ ላይ ‹‹ከ›› ነው። ግን ቁጥሩ ኖሮ መልኩ ካልተጫነ ምን ይፈይዳል? ኤክስፒ ቁጥሩን ቢቀበልም ፎንቱ ስላልነበረው አራት ማዕዘን ሳጥን ነበር የሚደረድርልን። ከዚያ በእኛው 1999፣ ጥር ላይ፣ ዊንዶውስ ቪስታ ለገበያ ሲቀርብ ‹‹ኒያላ›› የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ቪስታን ዓለም ሁሉ ሰደበው፤ ከብዷል፣ ያዘግማል ተባለ። እኛ ግን ውለታ አለብን። ባዶ ሃርድ ዲስክ ላይ ሲጫን አማርኛ አብሮ የገባበት የመጀመሪያው ዊንዶውስ እሱ ነው።

ታዲያ የየቢሮው ጸሐፊ ተደሰተ? ኧረ ምን ቆርጦት! ጣቱ የለመደው የፓወር ግዕዝን አመታት ነው። ኤክስፒም ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ድጋፉን እስኪያቆምለት፣ ከዚያም ወዲያ፣ በየጠረጴዛው ቆየ። ስለዚህ ዩኒኮድ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላም አዳዲስ ደብዳቤዎች በአሮጌው መንገድ እየተጻፉ ይቀመጡ ነበር።

እኛን የሚያሳስበን ይህ ነው። የከሚሴ ዞን የተዋቀረው ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ነው። በንጉሡና በደርግ ዘመን በዞኑ ስም የተከመረ የወረቀት መዝገብ የለውም፤ ዕድሜው በአብዛኛው የኮምፒውተር ዕድሜ ነው። በእነዚያ ዓመታት ስለ መሬት፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጨፋ ግጦሽ በኮምፒውተር የተጻፈው የትኛውም ወረቀት፣ ዲስኩ ከተረፈ፣ የአፋን ኦሮሞው ግልባጭ ዛሬ በስልክ እንኳ ይከፈታል። የአማርኛው ግልባጭ የሚነበበው ያ ፎንት የተጫነበት ማሽን ወይም ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ ፕሮግራም ከተገኘ ነው። የነገው ታሪክ ጸሐፊ አንዱን ብቻ አንብቦ ዞኑ በአንድ ቋንቋ ብቻ ሲሠራ ነበር ቢል በምን እንፈርድበታለን?

ዛሬ የሚቀየረው ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ ነው፤ ቀጭ ቀጭ አይልም፣ ሲሞትም ሳይናገር ነው። ዊንዶውሱ ከፍላሽ ይጫናል፣ 39 ደቂቃም አይፈጅም። ኒያላም ከዊንዶውስ 10 ወዲህ በጠያቂ ብቻ የሚጫን ተጨማሪ ሆኗል፤ አማርኛውን የሚያሳየው ኤብሪማ የሚባል ሌላ ፎንት ነው። ጫኙ ባለሙያ ግን ሥራውን ጨርሶ ኪቦርዱን ወደ እናንተ ሲገፋ አሁንም አንድ ጥያቄ ሊኖረው ይችላል፤ ‹‹ፓወር ግዕዝም ልጫንላችሁ?››