ስኖርክል ስታደርጉ ጀልባው ላያያችሁ ይችላል

ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ደፍታችሁ ስትንሳፈፉ ከጀልባ ላይ የምትታዩት እንደ ትንሽ ነጥብ ነው። "ድምፁን ሰምቼ እሸሻለሁ" ማለትም አያዋጣም፤ ድምፅ ውሃ ውስጥ ከአየር 4 እጥፍ ገደማ ስለሚፈጥን ከየት እንደመጣ ጆሯችን አይለይም።

እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ከርስቲ ማኮል እ.ኤ.አ. በ2000 ሜክሲኮ፣ ኮዙሜል ከልጆቿ ጋር ጠልቃ ስትወጣ በፈጣን ጀልባ ተመትታ ሞታለች። ቦታው ደግሞ ለጀልባ የተከለከለ ነበር! ስለዚህ "እዚህ ጀልባ አይገባም" ሲሏችሁ ብዙ አትመኑ።

ፍሎሪዳ ያላችሁ፣ ቀይ መደብ ላይ ነጭ ሰያፍ መስመር ያለበት ባንዲራ በሕግ ግዴታ ነው፤ ለመዋኛ ብቻ የሚያገለግሉ ቦታዎች ብቻ ይቀራሉ። ክፍት ውሃ ላይ ከባንዲራው ከ300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ፣ አትራቁ፤ የጀልባ መተላለፊያ ላይ ከ100 ጫማ። እኛ የምንጨምረው፦ ወደ ራሳችሁ ጀልባ ስትመለሱም ሞተሩ መጥፋቱን ሳታዩ አትጠጉ።