ስያሜ፣ ትርጓሜና ማኅበራዊ ፍትሕ በኢትዮጵያ የሕግና የትምህርት ታሪክ

መግቢያ

አንድ ኅብረተሰብ ለአባሎቹ የሚሰጠው መጠሪያ የአንደበት ልማድ ብቻ አይደለም። ማን ተከባሪ፣ ማን ተናቂ፣ ማን ባለመብት፣ ማንስ ምጽዋት ጠባቂ እንደ ሆነ ያመለክታል። በአሁኑ ጊዜ «ብዝኃነት»፣ «አካቶ» እና «ማኅበራዊ ፍትሕ» የሚሉት ቃላት በመንግሥት ሰነዶችም ሆነ በመማሪያ መጻሕፍት ተደጋግመው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ቃላቱ በተደጋገሙ መጠን ፍቺያቸው እየጠራ ሄዷል ለማለት ያዳግታል። ፍቺያቸውን በሚገባ ለመረዳት በሀገራችን የተካሄደውን የስያሜ ለውጥ መመርመር ይጠቅማል። ለውጡ በሦስት ዐይነት እርምጃዎች ሊከፈል ይችላል፤ እነርሱም ስድብን መከልከል፣ ስያሜን መለወጥና ትርጓሜን ማሻሻል ናቸው።

ሀ. ስድብን መከልከል

በብዙ የሀገራችን ክፍሎች ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ለኅብረተሰቡ አስፈላጊ አገልግሎት እየሰጡ ሲናቁ ኖረዋል። ገበሬው ያለ ማረሻና ያለ ማጭድ ማምረት ባይችልም መሣሪያውን የሠራለትን ባለ እጅ «ጠይብ» ወይም «ቡዳ» እያለ ይሸሸው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሰውን በሥራው መስደብን ከለከሉ። በአውሮፓ አዲስ ነገር የሚሠራ ሰው መሐንዲስ ተብሎ ሲመሰገን በኢትዮጵያ ግን ሠራተኛው እንደሚሰደብ አመለከቱ፤ ባለ እጅን መስደብም እርሳቸውን እንደ መስደብ እንደሚቆጠርና እንደሚያስቀጣ አስታወቁ።

ንቀቱ ልማድ ሳይሆን በደል መሆኑ በንጉሠ ነገሥቱ ቃል መነገሩ ታላቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም አዋጁ የነካው ቃሉን እንጂ ግንኙነቱን አልነበረም። ባለ እጁ በየአካባቢው ርስት እንዳይዝና ከሌላው ጋር እንዳይጋባ የሚያግደው ልማድ እንደ ጸና ቀረ። ከመሬት ጋር የተያያዘው እገዳ በሕግ የተነሣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ነው። ይህ አዋጅ በጉልበቱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ መሬት እንዲደርሰው ደነገገ። እንግዲህ የመጀመሪያው አዋጅ ክብርን ሲያውጅ ሁለተኛው ክብሩ የሚቆምበትን መሬት ፈቀደ ማለት ነው።

ለ. ስያሜን መለወጥ

ሁለተኛው እርምጃ አዋራጅ መጠሪያን በአክባሪ መጠሪያ መተካት ነው። በዚህ ረገድ የቋንቋዎች ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም የብሔረሰቦችን እኩልነት አረጋገጠ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ። አርሶ አደሩ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ፊደል መቁጠሩ ቀድሞ ያልታየ ነገር ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘመን የመደበኛው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማሪያ አማርኛ ብቻ ሆኖ ቀጠለ። የብሔረሰብ ቋንቋዎች ወደ መደበኛው የመማሪያ ክፍል እንዲገቡ በፖሊሲ የተወሰነው በ1986 ዓ.ም. ነው። በእኩልነት መጠራትና በእኩልነት መማር በአንድ ቀን አልመጡም።

የአካል ጉዳት መጠሪያዎች ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። በቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት ዓይናቸው የማያይ መምህራን ቅኔና ዜማ እያስተማሩ፣ «የኔታ» እየተባሉ ይከበሩ ነበር። ትምህርቱ በቃል የሚነገርና በጆሮ የሚቀበሉት በመሆኑ ማየት አለመቻል ከሊቅነት አላገዳቸውም። መስማት ለማይችል ልጅ ግን ያው ሥርዓት ቦታ አልነበረውም። «ደንቆሮ» የሚለው ቃልም የማይሰማውንና የማያውቀውን በአንድነት መጥሪያ ሆነ። ስለዚህ ከሁለቱ ልጆች አንዱን ሊቅ፣ ሌላውን መሃይም ያደረገው የአካላቸው ሁኔታ ሳይሆን የማስተማሪያው ዘዴ ነው።

ከጊዜ በኋላ «ዓይነ ስውር»፣ «መስማት የተሳነው» እና «አካል ጉዳተኛ» የሚሉት ስያሜዎች ተስፋፉ። በሰበታ የነበረው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት «መርሐ ዕውራን» ተብሎ ሲጠራ መጠሪያው ለስድብ የታሰበ አልነበረም። ዛሬ ግን ያው ቃል ለጆሮ ይከብዳል። ይህም የቃል ክብር ከዘመን ጋር እንደሚለዋወጥ ያስረዳል። አዲሱም ስያሜ አሮጌው አስተሳሰብ ካልተለወጠ ውሎ አድሮ የስድብ ቃል ሊሆን ይችላል።

ሐ. ትርጓሜን ማሻሻል

ሦስተኛው እርምጃ ከሁለቱ የጠለቀ ነው። ይህም በሦስት ሕጎች ንጽጽር ይታያል። የመጀመሪያው የመልሶ ማቋቋሚያ ድርጅትን ያቋቋመው ትእዛዝ ቁጥር 70/1963 ነው። ትእዛዙ የሚረዳውን ሰው የተረጐመው በአካል ወይም በአእምሮ ጤና ጉድለት ምክንያት ኑሮውን ማሸነፍ የማይችልና ረዳት የሌለው በማለት ነበር። በዕድሜ ምክንያት ሠርቶ መብላት ያልቻለውንም በዚሁ ውስጥ ጨምሯል። በዚህ ትርጓሜ መሠረት አካል ጉዳተኛ ማለት ችግረኛ ማለት ነው፤ መልሱም እርዳታ ነው።

ሁለተኛው ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 101/1986 ነው። ይህ አዋጅ መብትን አነሣ። ትርጓሜው ግን ማየት፣ መስማት ወይም መናገር አለመቻልን፣ የእጅና የእግር ጉዳትንና የአእምሮ ዝግመትን የሚዘረዝር ነበር። ምክንያቱ አሁንም በግለሰቡ አካል ውስጥ ተፈለገ።

ሦስተኛው ያንን የተካው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው። በዚህ አዋጅ አካል ጉዳተኛ ማለት ከአካል፣ ከአእምሮ ወይም ከስሜት ሕዋሳት ጉዳት ጋር በተያያዘ በሚደርስበት የማኅበራዊ፣ የኢኮኖሚያዊና የባህላዊ አድልዎ ሳቢያ የሥራ ዕድል እኩልነቱ የተቀነሰበት ሰው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አድልዎው ራሱ በትርጓሜው ውስጥ ገባ። ውጤቱም በቃል ብቻ አልቀረም። አሠሪው የሥራ ቦታውን ለሠራተኛው የሚመች የማድረግ ግዴታ ተጣለበት፤ አድልዎ ደረሰብኝ የሚል አካል ጉዳተኛም የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት ክስ እንዲያቀርብ ተፈቀደለት። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ከዚሁ አስተሳሰብ ጋር ይስማማል።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ስድብን መከልከልም ሆነ ስያሜን መለወጥ ከንቱ ነው የሚል አይደለም። ሁለቱም በደሉ በደል ተብሎ እንዲታወቅ አድርገዋል። ነገር ግን ለውጡ ሥር የሚሰደው ትርጓሜው ግዴታውን ከተበዳዩ ትከሻ አንሥቶ ወደ ተቋሙ ሲያሻግር ነው። «አካቶ ትምህርት» የሚባለውም ልጁን በክፍሉ ከማስቀመጥ አልፎ ክፍሉን ለልጁ ማስማማት ማለት ነው። በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ «ልጁ አይሰማም» ተብሎ ቢጻፍ ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል። «የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር የለም» ተብሎ ቢጻፍ ግን የጐደለው ምን እንደ ሆነና ማሟላት የሚገባው ማን እንደ ሆነ ይታወቃል። የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ስለ እነዚህ ቃላት ሲያስተምሩ አክባሪ መጠሪያዎችን ከማስጠናት ጋር በሁለቱ አጻጻፎች መካከል ያለውን ልዩነት እጩ መምህራን እንዲለዩ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል።