የቀለህ ከንፈር፦ አረርን የማስነከስ ጥያቄ አጭር ታሪክ

ጥይት ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፤ ባሩዱ ይነዳል፤ ከሥሩ ያለችው ካፕሱል ተመትታ አገልግሎቷን ትጨርሳለች። ቀለሁ ግን ጥቂት ሰፋ ከማለቱ በቀር እንደ ነበረ ይቀራል። ከአንድ ጥይት ወጪ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው ናሱ በመሆኑ፣ ቀለሁን ለቅሞ፣ ቅርጹን መልሶ፣ እንደ ገና መሙላት እንደሚያዋጣ ሰዎች ያስተዋሉት ገና ከጥዋቱ ነው። ይህ ሥራ በአንዳንድ አገሮች፣ በተለይም በአሜሪካ፣ በግለሰቦች ቤት እስከ ዛሬ ይካሄዳል።

የሥራው ቅደም ተከተል ቀላል ይመስላል። ያረጀችው ካፕሱል ትወጣለች፤ የቀለሁ አንገት ይጠብባል፤ አዲስ ካፕሱል ይገባል፤ ባሩዱ ተመዝኖ ይጨመራል፤ በመጨረሻም አረሩ ይተከላል። ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል። የቀለሁ ከንፈር ወደ ውስጥ ታጥፎ አረሩን ይንከስ ወይስ እንዲሁ ይተው? እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ክሪምፕ የሚሉት ይህ ሥራ በዚህ ጽሑፍ ንክሻ ተብሏል። ጥያቄው ከፀጉር ውፍረት የማይበልጥ የናስ እጥፋት ጉዳይ ነው። ሆኖም መልሱ ሲሳሳት ጠመንጃ ሊፈነዳ፣ የተኳሹም እጅና ዓይን ሊጎዳ ይችላል። የአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ታሪኩ እንደሚያስረዳው፣ መልሱን ይሰጥ የነበረው ጥይቱ ሳይሆን መሣሪያው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ታሪኩ ኢትዮጵያውያን ሰናድር ብለው ከሚያውቁትና እንግሊዞች በ1868 መቅደላ ላይ ከዘመቱበት ጠመንጃ ይነሣል። ለዚህ ጠመንጃ ጥይት የሠራው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰር ነበር። በእርሱ ስም በምትጠራው ካፕሱል ውስጥ የምትመታበት ትንሽ ሰንዳን አብራ ትገኛለች፤ የቀለሁም ታች በመካከሉ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው። ስለዚህ ያረጀችውን ካፕሱል በቀጭን ዘንግ ከውስጥ ገፍቶ ማውጣት ይቻላል። አሜሪካዊው ሂራም በርዳን በበኩሉ ሰንዳኑን የቀለሁ አካል አድርጎ በግራና በቀኙ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎችን አበጀ፤ እንዲህ ያለውን ቀለህ መልሶ መሙላት አድካሚ ነው። የታሪክ ነገር ሆኖ የእንግሊዛዊው ብልሃት በአሜሪካ፣ የአሜሪካዊው ብልሃት በአውሮፓ ተስፋፋ። በቤት ጥይት የመሙላት ልማድ በአሜሪካ ሥር እንዲሰድ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ዘመን ንክሻ አከራካሪ ጉዳይ አልነበረም። በ1874 የተሠራው የፈረንሳዩ ግራ፣ ማለትም ውጅግራ፣ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። ተኳሹ ጥይቱን በጣቱ ከማደሪያው ስለሚያስገባ፣ በመንገዱ ላይ አረሩን የሚገፋውም ሆነ የሚጎትተው ኃይል የለም። በዚያ ላይ የዘመኑ ጥቁር ባሩድ የቀለሁን ሆድ ስለሚሞላ አረሩ ከታች ተደግፎ ይቀመጣል። ንክሻ ቢኖር ጥቅሙ ጥይቱ በዝናር ውስጥ ሲንገላታ አረሩ እንዳይወልቅ ነው። ለዒላማ ውድድር የሚተኩሱትማ ከዚህም አልፈው ሄደዋል። ታዋቂው አሜሪካዊ የአፈሙዝ ሠሪ ሃሪ ፖፕ አረሩን በአፈሙዙ በኩል አስገብቶ ባሩድ ብቻ የያዘውን ቀለህ ከኋላ ያጎርስ ነበር። ቀለሁና አረሩ ሳይነካኩ የሚተኮስበት ዘዴ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ይበልጥ ዒላማ መቺ ከሆኑት አንዱ መሆኑ፣ ንክሻ በራሱ የትክክለኛነት ምንጭ እንዳልሆነ ያስረዳል።

ነገሩን የለወጠው ደጋግሞ ተኳሹ ጠመንጃ ነው። በ1873 የወጣው የዊንቸስተር ጠመንጃ ጥይቶቹን የሚይዘው ከአፈሙዙ ሥር በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ ነው። ጥይቶቹ እንደ መንገደኛ ተከታትለው የአንዱ አረር የሌላውን ታች ተደግፎ ይሰለፋሉ፤ ከፊታቸውም ያለ ሞላ ወደ ኋላ ይገፋቸዋል። ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላ ሲረግጥ ሰልፉ ሁሉ ይንገጫገጫል፤ አረሮቹም ወደ ቀለሃቸው ውስጥ ለመስመጥ ይገደዳሉ። ጥቁር ባሩድ ከሥራቸው ሞልቶ እስከ ተገኘ ድረስ ግን የሚሰምጡበት ባዶ ቦታ አልነበረም። በ1884 ጆን ባርሎው በአሜሪካ ያቋቋመው አይዲያል የተባለ ድርጅት እንደ ጉጠት በእጅ የሚጨመቅ መሙያ መሣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ፣ መሣሪያው አረሩን ሲተክል ከንፈሩንም አብሮ ያጥፍ ነበር። በዚህም ንክሻ የብዙ ሰው የቤት ልማድ ሆነ።

በዚያው በ1884 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬል ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላም በዚህ ባሩድ የሚተኮሰውና ኢትዮጵያ ውስጥ ለበን የተባለው የሌበል ጠመንጃ ወጣ። አዲሱ ባሩድ ኃይሉ ብዙ፣ መጠኑ ግን ጥቂት ነው። አሮጌውን ቀለህ በአዲሱ ባሩድ የሞላ ሰው ከአረሩ ሥር ባዶ ቦታ ተወ ማለት ነው። አሁን አረሩ በቱቦው ውስጥ ሲገፋ የሚመክተው ድጋፍ የለም። ወደ ውስጥ በሰመጠ መጠን ባሩዱ የሚነድበት ቦታ ይጠብባል፤ ግፊቱም ከተገመተው በላይ ይወጣል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ከንፈሩን ከማስነከስ አልፈው፣ በአንዳንድ ጥይቶች ላይ አረሩ በሚያርፍበት ቦታ ቀለሁን ዙሪያውን በማስረግ መደገፊያ አበጁለት። ትናንት በቸልታ ሊታለፍ ይችል የነበረው ንክሻ የባሩዱ ዓይነት ስለ ተለወጠ ብቻ የደኅንነት ጉዳይ ሆነ።

ከበሮው እየዞረ የሚተኩሰው ሪቮልቨር ሽጉጥ ደግሞ የተገላቢጦሹን ችግር አመጣ። ሽጉጡ ወደ ኋላ ሲረግጥ ገና ያልተተኮሱትን ቀለሆች ይዞ ይሄዳል፤ ከባዱ አረር ግን በነበረበት ለመቅረት ስለሚታገል ቀስ በቀስ ከቀለሁ ይወጣል። ጫፉ ከከበሮው አልፎ ሲወጣ ከበሮው መዞሩን ያቆማል፤ ሽጉጡም በሚያስፈልግበት ሰዓት ከንቱ ብረት ይሆናል። በ1935 የ.357 ማግነም፣ በ1955 ደግሞ የ.44 ማግነም ጥይቶች ሲወጡ ርግጫው እየበረታ ስለ ሄደ ጠንካራ ንክሻ ግዴታ ሆነ። ኤልመር ኪት የተባለው አሜሪካዊ ለሪቮልቨር በነደፋቸው የእርሳስ አረሮች ላይ ከንፈሩ የሚታጠፍበት ጉድብ የተቀረጸው ለዚሁ ነው።

ይህን ትምህርት ይዞ ወደ አውቶማቲክ ሽጉጥ የሚሻገር ሰው ግን ይሳሳታል። የአሜሪካ ሠራዊት በ1911 የተቀበለው ባለ .45 ሽጉጥ ጥይት በማደሪያው ውስጥ ወደ ፊት እንዳያልፍ የሚቆመው በራሱ በከንፈሩ ጠርዝ ነው። ያ ጠርዝ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ጥይቱ የሚቆምበትን ያጣል፤ ከሚገባው በላይ ዘልቆ ሊከሽፍ ይችላል። እዚህ የሚበቃው ለአረሩ መትከያ ተብሎ ጥቂት የተከፈተውን አፍ ወደ ቀጥታው መመለስ ብቻ ነው። በጣም ቢጨመቅ እንኳ ናስ የመለጠጥ ጠባይ ስላለው ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እርሳሱ ግን እንደ ተጨመቀ ይቀራል። በመሆኑም ከልክ ያለፈ ንክሻ አረሩን በማጥበቅ ፈንታ ያላላዋል።

በአንድ አንድ ጥይት እየጎረሰ ለዒላማ የሚተኩስ የዛሬ ጠመንጃ ባለቤትስ? እርሱ ባብዛኛው ወደ ውጅግራው ዘመን መልስ ይመለሳል። የአንገቱ ጥበት አረሩን አጥብቆ ከያዘ ንክሻ አያስፈልገውም። እንዲያውም ጉድብ በሌለው አረር ላይ ከንፈርን ማጠፍ የአረሩን ልባስ ሊጎዳ ይችላል፤ የቀለሆቹ ቁመት ካልተስተካከለም አንዱ ጠብቆ ሌላው ላልቶ ጥይቶቹ ወጥነት ያጣሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ከጥይት ሥራ ውጭም ለሚገኝ ባለሙያ የሚጠቅም ነው። ውጅግራ ንክሻን ሳይፈልግ ኖረ፤ ባለቱቦው ጠመንጃ አረሩ እንዳይሰምጥ፣ ሪቮልቨር ደግሞ እንዳይወጣ ፈለገው፤ አውቶማቲኩ ሽጉጥ ከልኩ ሲያልፍ ይጎዳዋል። አራቱም መልሶች በየቦታቸው ትክክል ናቸው። አደጋው የሚመጣው በአንዱ መሣሪያ ላይ የተለመደው እጅ ምክንያቱን ሳይጠይቅ በሌላው ላይ ሲሠራ ነው። ቀለሁን የያዘ ሰው ከንፈሩን ከማጠፉ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ይህ አረር ከዝናር ወጥቶ አፈሙዝ እስኪደርስ ማን ይገፋዋል? ማንስ ይጎትተዋል? ብሎ ነው።