ስንዴን በብርሃን መለካት፤ የአንድ የእርሻ መሣሪያ አጭር ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1999 የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአፈር ተመራማሪዎች የሆኑት ዊሊያም ራውን እና ጎርደን ጆንሰን አንድ የሚያሳስብ ስሌት አሳተሙ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይኸውም በመላው ዓለም ለብርዕ ሰብሎች ከሚሰጠው የናይትሮጅን ማዳበሪያ ውስጥ በፍሬው ላይ የሚገኘው 33 በመቶው ብቻ መሆኑን የሚያመለክት ነበር። ከቀረው ከፊሉ በጋዝ መልክ ወደ አየር ይተናል፤ ከፊሉ በውሃ ታጥቦ ይሄዳል፤ ከፊሉም በአፈርና በገለባ ውስጥ ይቀራል። የዚህም ዋጋ በዓመት 15.9 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚደርስ ተመራማሪዎቹ ገመቱ። ከሚቀበለው ውሃ ሁለት ሦስተኛውን በመንገድ የሚያፈስ የመስኖ ቦይ ቢኖር እንደገና እንዲሠራ በታዘዘ ነበር፤ በማዳበሪያ ላይ ግን ብክነቱ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጥሮ ኖሯል።

የብክነቱ አንዱ ዋና ምክንያት የማዳበሪያው መጠን የሚወሰንበት ጊዜ ነው። ገበሬው ማሣው የሚሰጠውን ምርት አስቀድሞ ይገምትና በዚያው ልክ ማዳበሪያውን ይበትናል። ነገር ግን አፈሩ ራሱ የሚያመነጨው ናይትሮጅን እንደ ዓመቱ ዝናብና ሙቀት ይለያያል። ኦክላሆማ ውስጥ ላሆማ በተባለ ቦታ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በተካሄደው የረጅም ጊዜ ሙከራ፣ ማዳበሪያ ያልተሰጠው መደብ በአንዳንድ ዓመት ከተሰጠው ጋር የሚቀራረብ ምርት ሲያስገኝ፣ በሌላው ዓመት እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስለሆነም ትክክለኛውን መልስ ሊሰጥ የሚችለው በማሣው ላይ የቆመው ስንዴ ራሱ ነበር። የቀረው ጥያቄ ስንዴው በምን ዘዴ ይጠየቅ የሚለው ነው።

መንገዱን ያመለከተው ብርሃን ነው። ናይትሮጅን ያልጎደለበት ቅጠል በክሎሮፊል የበለጸገ ስለሆነ ቀዩን ብርሃን ይመጣል፤ ለዐይን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ግን አብዝቶ ያንጸባርቃል። ላንድሳት 1 የተባለችው ሳተላይት በ1972 ከመጠቀች በኋላ፣ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሁለቱን ነጸብራቆች ልዩነት ለድምራቸው በማካፈል የዕፅዋትን ልምላሜ በአንድ ቁጥር መግለጽ እንደሚቻል አሳዩ። ቁጥሩ ወደ 1 በተጠጋ መጠን ሰብሉ ይበልጥ ጥቅጥቅ ያለና ለምለም ነው።

ይህን ከሕዋ የመጣ ዘዴ በ1990ዎቹ ወደ ስንዴ ማሣ ካወረዱት መካከል የኦክላሆማዎቹ የእርሻ መሐንዲሶች ማርቪን ስቶን እና ጆን ሶሊ ከራውን ጋር ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች በፀሐይ ብርሃን ስለሚሠሩ ደመና ባለፈ ቁጥር ንባባቸው ይዛባ ነበር። ኋላ ግን መሣሪያው የራሱን ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በሰብሉ ላይ እያበራ ነጸብራቁን እንዲለካ በመደረጉ ቀንም ሆነ ሌሊት ሊሠራ ቻለ። «ግሪንሲከር» በሚል ስም ለገበያ ያቀረበውን ኤንቴክ የተባለ ኩባንያ ትሪምብል በ2009 ገዛው፤ በ2012ም በእጅ የሚያዝ አነስተኛ ሞዴል አወጣ።

የሆነው ሆኖ መሣሪያው ብቻውን ፍርድ ሊሰጥ አይችልም። ስንዴ በናይትሮጅን እጥረት ብቻ ሳይሆን በድርቅና በበሽታም ይገረጣል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ በየማሣው ውስጥ አንድ ጠባብ መስመር ናይትሮጅን እንዳይጎድልበት ተደርጎ እንዲዳበር መከሩ። ስንዴው ካቆጠቆጠ በኋላ መስመሩና የቀረው ማሣ ይለካሉ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ አፈሩ ድርሻውን ተወጥቷል ማለት ነውና ጭማሪ አያስፈልግም፤ መስመሩ በልምላሜ ከበለጠ ግን የብልጫው መጠን የሚጨመረውን ለማስላት ያገለግላል። በ2002 በታተመው ጥናታቸው፣ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር በዚህ መንገድ እየተለካ ሲዳበር፣ ለሁሉም እኩል ከመበተን ይልቅ የናይትሮጅን አጠቃቀም ከ15 በመቶ በላይ ተሻሽሎ ተገኘ።

ዘዴው ከአገሩ ውጭ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱ ኖርማን ቦርሎግ የስንዴ ምርምሩን ያካሄደበት የሜክሲኮው ያኪ ሸለቆ ነው። በ1990ዎቹ የሸለቆው ገበሬዎች በሄክታር 250 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን፣ ያውም አብዛኛውን ከመዝራታቸው በፊት ይሰጡ ነበር። በ2005 የታተመ ጥናት ከመስኖው ቀጥሎ በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ላይ አልጌ በብዛት እንደሚፈላ በሳተላይት ምስል አረጋገጠ። የዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ተመራማሪ ኢቫን ኦርቲስ ሞናስቴሪዮ ከራውን ጋር በ2007 ባሳተመው ጥናት ግን፣ በመስመሩና በመሣሪያው የተጠቀሙ ገበሬዎች ምርታቸው ሳይቀንስ በአማካይ በሄክታር 69 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ማዳን ችለዋል።

ይህን ሥራ ያፈለቀው ተቋም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ ይባል በነበረበት ጊዜ፣ በ1952 በተፈረመው ስምምነት መሠረት የአለማያ የእርሻ ኮሌጅን በማቋቋም ተካፍሎ እስከ 1968 ድረስ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሠርቷል። ማዳበሪያዋን ለረጅም ዘመን በውጭ ምንዛሪ ስትገዛ ለኖረች አገር የዚህ ታሪክ ትምህርት ቀላል አይደለም። መሣሪያው ውድ ሊሆን ይችላል፤ መስመሩ ግን ጥቂት ዩሪያ ብቻ ይጠይቃል። መሣሪያ የሌለው ገበሬም ቢሆን በመስመሩና በቀረው ማሣ መካከል ያለውን የልምላሜ ልዩነት በዐይኑ ሊያይ ይችላል። ልዩነቱ በማይታይበት ዓመት፣ ሊጨምር ያሰበው ዩሪያ በጆንያው ውስጥ ይቆይለታል።