ከማከፋፈል በፊት ማስቀረት
የቁጠባና የኅብረት ሥራ ጉዞ በአጭሩ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል በኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብሰባ ላይ ሳይነሳ አይቀርም። አባባሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከሎሚው ስንቱ ለክረምት መቀመጥ እንዳለበት ብዙ ጊዜ አይነገርም። ማኅበራትና ዩኒየኖች የምሥረታ በዓላቸውን ሲያከብሩ የትርፍ ክፍፍሉ መጠን በጭብጨባ ይሰማል። ገንዘቡ አባሉ ቤት ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን በሪፖርት ላይ አይገኝም።

የገበሬ ገቢ እንደ ደመወዝ በየወሩ የሚመጣ አይደለም። በአብዛኛው የመኸር አካባቢ ምርቱ የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ወጪው ግን ጳጉሜንም ሳይቀር ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም። ግብርና ዕዳ በምርት መሰብሰቢያ፣ ሠርግ በጥር፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በክረምቱ መግቢያ፣ ቀለብ በሐምሌና በነሐሴ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ በመስከረም ይመጣል። በጥር በርካሽ የሸጠውን እህል በሐምሌ በውድ መልሶ የሚገዛ ገበሬ ጥቂት አይደለም። በመሆኑም ችግሩ የገንዘብ ማነስ ብቻ ሳይሆን የገቢና የወጪ ጊዜ አለመገጣጠም ጭምር ነው። የኅብረት ሥራ ታሪክ ሲመረመር ደግሞ ንቅናቄው የተወለደው ከዚሁ ችግር ውስጥ ሆኖ ይገኛል።

ሁለት የአውሮፓ ምሳሌዎች

በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1844 አንድ ሱቅ ከፈቱ። ካፒታላቸው 28 ፓውንድ ብቻ ነበር። ይህንንም ያገኙት ከድሃ ኪሳቸው በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም እያዋጡ ነው። ሱቁ ሲከፈት የሚሸጠው ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄትና ሻማ የመሳሰለ ጥቂት ዕቃ ነበር። በዱቤ አለመሸጥን ደንባቸው ያደረጉት የሠራተኛውን ቤት የሚያፈርሰው የዱቤ ዕዳ መሆኑን አይተው ነው። ዛሬ በዓለም የታወቁት የኅብረት ሥራ መርሆዎች መነሻቸው ይህች ሱቅ ናት።

ከዚህ ይበልጥ ለገበሬው የሚቀርበው የጀርመኑ የፍሪድሪክ ቪልሄልም ራይፋይዘን ታሪክ ነው። ራይፋይዘን የገጠር ቀበሌዎች ከንቲባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 እና በ1847 ረሃብ በገባ ጊዜ ከባለጸጎች ገንዘብ አሰባስቦ ለችግረኞች እህልና ዳቦ አቀረበ። በኋላም ገበሬው ከአራጣ አበዳሪ ተላቆ ከብት እንዲገዛ የሚረዳ ማኅበር አቋቋመ። ሆኖም እነዚህ ማኅበራት የቆሙት በሀብታሞች በጎ ፈቃድ ላይ ስለነበር የሰጪው ስሜት ሲቀዘቅዝ እርዳታውም ቀዘቀዘ። ራይፋይዘን ከዚህ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1864 በሄደስዶርፍ ተበዳሪው ራሱ አባል የሚሆንበትን የብድር ማኅበር መሠረተ። አባላቱ የሚተዋወቁ የአንድ አካባቢ ሰዎች ነበሩ፤ ለማኅበሩ ዕዳም በጋራ ተጠያቂዎች ሆኑ። ልግስና ያልቻለውን የራስ ቁጠባና የጎረቤት ዋስትና ቻለው።

የአገራችን ጉዞ

በኢትዮጵያ ደቦና ወንፈል ጉልበትን፣ እቁብ ገንዘብን፣ እድር ደግሞ የኀዘን ቀን ወጪን ሲያቀናጁ ኖረዋል። የእነዚህ ሁሉ ጥንካሬ መተማመን ነው። እቁብ ግን ዕጣው ለማን እንደሚወጣ አስቀድሞ ስለማይታወቅ በሰኔ ማዳበሪያ ለሚፈልግ ገበሬ በመስከረም ሊደርሰው ይችላል። እድርም ቢሆን በዋናነት የሚደርሰው ለሞት እንጂ ለኑሮ አይደለም።

ዘመናዊ የኅብረት ሥራ ሕግ የመጣው በ1953 ዓ.ም. የእርሻ ሠራተኞችን በሚመለከት በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 44 ነው። የመጀመሪያው የቁጠባና ብድር ማኅበር ሆኖ የሚጠቀሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋሙት ነው። እንዲህ ያለው ማኅበር ቀድሞ የተለመደው በየወሩ ደመወዝ በሚያገኘው ሠራተኛ ዘንድ ነበር፤ ገበሬው ዘንድ የደረሰው ዘግይቶ ነው።

በደርግ ዘመን የኅብረት ሥራ ማኅበራት በቁጥር በዙ። ይሁን እንጂ ገበሬው ከምርቱ ላይ ኮታ ተጥሎበት ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ እንዲሸጥ ይገደድ ነበር፤ የአምራች ማኅበራትም በግፊት ተስፋፉ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ብዙዎቹ የአምራች ማኅበራት በአጭር ጊዜ ተበተኑ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሰሞንም የበርካታ አገልግሎት ማኅበራት ንብረት ተዘረፈ። የራሱ ነው ብሎ ያላመነበትን ንብረት ገበሬው ሊጠብቀው አልተነሳም። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ማኅበራትን በበጎ ፈቃድና በአንድ አባል አንድ ድምፅ መሠረት ሲያደራጅ ከሁሉ የከበደው ሥራ ይህንን የጠፋ አመኔታ መመለስ ነበር።

የበቆሎው ዓመት

በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው የኤክስቴንሽን ፕሮግራም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር በስፋት አቅርቧል። ምርትም ጨምሯል። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ግን በቆሎ በብዛት ተመርቶ ዋጋው ክፉኛ ወደቀ። ብድሩ የሚመለሰው በምርት መሰብሰቢያ ስለነበር ገበሬው ዋጋ እስኪሻሻል ሊጠብቅ አልቻለም። በሬ ሸጦ ዕዳ የከፈለ ብዙ ነው። ወዲያው ደግሞ ዝናብ አጥሮ በ1995 ዓ.ም. ሰፊ የምግብ እጥረት ተከተለ። ጥሩ ምርት የሰበሰበ ገበሬ በዓመቱ ያለ በሬ የቀረው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ብድር ነበረው፤ ቁጠባ ግን አልነበረውም። ብድር ያለ ቁጠባ ሲመጣ የዋጋ መውደቅን የሚሸከመው ገበሬው ብቻ መሆኑን ያ ወቅት አሳይቷል።

ለማኅበሩ የታዘዘው ለቤትም ይሠራል

አዋጅ ቁጥር 147/1991 ማኅበሩ ከተጣራ ትርፉ 30 ከመቶውን ለመጠባበቂያ ሳያስቀር ለአባላት እንዳያከፋፍል ደንግጎ ነበር። በመጀመሪያ ይቀመጣል፤ የተረፈው ይከፋፈላል። በአብዛኛው ቤት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በመጀመሪያ ይወጣል፤ ከተረፈ ይቀመጣል፤ ብዙውን ጊዜም አይተርፍም።

አባሉ የማኅበሩን ደንብ ወደ ጓዳው ቢያስገባ ምርቱ እንደገባ፣ የጥር ድግስ ሳይቆጠር፣ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ በአራት ይከፍለዋል፤ ለቀለብ፣ ለዘር፣ ለግብርና ለዕዳ፣ ለቁጠባ። በገበያ ቀን በየሳምንቱ 50 ብር ለቁጠባና ብድር ማኅበሩ ያስገባ ሰው በ52 ሳምንት 2,600 ብር ይኖረዋል፤ በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ መሠረትም በቁጠባው ልክ የመበደር መብት ያገኛል። የኑሮ ውድነት የብሩን አቅም ስለሚቀንሰው ጥቂቱን በእህልና በበግ መያዝ ተገቢ ነው። ነገር ግን በግ ይታመማል፣ እህል ይነቅዛል፤ ለደብተር ተብሎም የበሬ እግር ብቻ አይሸጥም። ሁሉንም በአንድ ቦታ አለማስቀመጥ ይሻላል።

ለወረዳና ለቀበሌ አመራሮችም ታሪኩ የሚለው አለ። በትእዛዝና በኮታ የሚሰበሰብ ገንዘብ በገበሬው ዓይን መዋጮ እንጂ ቁጠባ አይደለም። የቆጣቢዎች ቁጥር በሪፖርት እንዲያድግ ብቻ አባል ማስመዝገብ በ1983 ዓ.ም. የታየውን አለመተማመን መልሶ ይጠራል። ከዚያ ይልቅ የዕዳ መሰብሰቢያ ጊዜ ዋጋ ከሚወድቅበት ወር እንዲርቅ መሥራት፣ የማኅበሩን ሒሳብ በወቅቱ ማስመርመር፣ ቆጣቢው ገንዘቡን በፈለገ ጊዜ በደንቡ መሠረት እንዲያገኝ ማድረግ ይበጃል። ገንዘቡን አንድ ጊዜ ጠይቆ በሰላም ያገኘ አባል ከአሥር ስብሰባ በላይ ጎረቤቱን ያሳምናል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። 28ቱ የሮችዴል ሠራተኞች የጀመሩት በየሳምንቱ ከኪሳቸው በምትወጣ ሳንቲም ነው። በዚህ በዓልም የትርፍ ክፍፍሉን የሚቀበል አባል ከማኅበሩ ግቢ ሳይወጣ ጥቂቱን በቁጠባ ደብተሩ ቢያስመዘግብ የመጪውን ሐምሌ ቀለብ ከወዲሁ ጀመረ ማለት ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!