ማንም ጠላት የማይሆንበት ጌም

እ.ኤ.አ. በ1980 መገባደጃ ላይ አታሪ «ባትልዞን» የተባለ ጌም ለገበያ አወጣ። ሳንቲም እየተከፈለበት በመዝናኛ ቤቶች የሚሠራ ማሽን ነው። ተጫዋቹ ዓይኑን መመልከቻው ላይ ደቅኖ፣ በአረንጓዴ መስመሮች ብቻ በተሳለ ሜዳ ላይ ታንክ እየነዳ የጠላት ታንክ ያድናል።

ብዙም ሳይቆይ ጡረታ የወጡ የጦር መኮንኖች ወደ ድርጅቱ መጡ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፤ ይህንኑ ማሽን ለ«ብራድሌይ» ብረት ለበስ ተኳሾች ማሠልጠኛ አድርጉልን የሚል።

የጌሙ ፈጣሪ ኤድ ሮትበርግ ተቃወመ። ሥራው ሰዎችን ማዝናናት እንጂ መግደልን ማሠልጠን አልነበረም። አለቆቹ ግፊት ሲያበዙበት፣ ዳግመኛ የጦር ሥራ እንዳይሰጠው ቃል አስገብቶ ሠራላቸው። የሚገርመው ነገር ደግሞ እዚህ ላይ ነው። በመዝናኛው ጌም ብቅ ያለ ታንክ ሁሉ ይመታል። በማሠልጠኛው ግን የወገን ተሽከርካሪም አብሮ ስለሚታይ፣ ተኳሹ ቃታ ከመሳቡ በፊት ማን መሆኑን መለየት ነበረበት። ለእውነተኛው ጦርነት የታሰበው፣ ለጨዋታ ከተሠራው የበለጠ ጥንቃቄ ጠየቀ!

በ1996 ማሪኖች «ዱም» የተባለውን ታዋቂ ጌም ወስደው ጭራቆቹን በሰው ወታደሮች ተክተው ለልምምድ ተጠቀሙበት። እስከዚህ ድረስ ጦሩ የሌላውን ጌም ተዋሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ራሱ ጌም ሠሪ ሆነ።

ምክንያቱ የሰው እጥረት ነው። በ1999 የአሜሪካ ምድር ጦር የምልመላ ኮታውን መሙላት አቃተው። የዌስት ፖይንቱ ኢኮኖሚስት ኮሎኔል ኬሲ ዋርዲንስኪ ያመጡት ሐሳብ፣ ወጣቱን ውሎ በሚያመሽበት ቦታ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ላይ ማግኘት ነበር። «አሜሪካስ አርሚ» በሞንተሬይ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የባሕር ኃይሉ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ተሠርቶ ሐምሌ 4 ቀን 2002፣ በአገሪቱ የነፃነት ቀን፣ በነፃ ተለቀቀ። የዕድሜ ደረጃው 13 ዓመት ነው። በአሜሪካ በወላጅ ፈቃድ ወታደር መሆን የሚቻለው ግን በ17 ነው። የ4 ዓመቱ ልዩነት የታሰበበት ይመስላል።

ሠሪዎቹ ለሥነ ምግባር ግድ አልነበራቸውም ማለት አይቻልም። አሠልጣኙ ላይ የተኮሰ ተጫዋች ወኅኒ ቤት ራሱን ያገኘዋል። ሐኪም ወታደር ለመሆን የመጀመሪያ ሕክምና ትምህርት ተከታትሎ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ከገበያው ጌሞች ብዙዎቹ ይህን ያህል አይጨነቁም።

ይሁን እንጂ አንድ ችግር ነበረባቸው። ጌሙ ሁለት ቡድን ያጋጥማል፤ ታዲያ ጠላት ሆኖ የሚጫወተው ማን ነው? ጦሩ የገዛ ወታደሮቹን በመግደል ነጥብ የሚያስቆጥር ጌም በመንግሥት ገንዘብ ሊያሠራ አይችልም። የተገኘው መፍትሔ እጅግ ብልህ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ራሱንና ጓዶቹን የአሜሪካ ወታደር አድርጎ ያያል፤ ተቃራኒዎቹን ደግሞ ጠላት። በዚያ ወገን ያሉትም በተራቸው እንዲሁ ያያሉ። አንዱ በእጁ ኤም-16 መያዙን ሲያይ፣ ባላንጣው ያንኑ መሣሪያ ክላሽ ሆኖ ያየዋል።

ስለዚህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወጣቶች ለዓመታት ሲታኮሱ ከመካከላቸው አንድም ሰው ጠላት ሆኖ አያውቅም። በሌላው ዓይን ምን እንደሚመስል የሚያይበት መስኮት የለውም። ደሙም እንደ ነገሩ ነው፤ የሞተው ተቀምጦ ቀጣዩን ዙር ይጠብቃል። ከጌሙ ጥይት ሁሉ ይልቅ ሊያነጋግር የሚገባው ይህ የንድፍ ውሳኔ ነበር።

ጌሙ በወጣ በዓመቱ የኢራቅ ጦርነት ተጀመረ። በ2006 በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ መምህር የነበረው ጆሴፍ ደላፕ በጌሙ ውስጥ ገብቶ መሣሪያውን ይጥልና በመልእክት መጻፊያው ላይ በኢራቅ የተገደሉ አሜሪካውያን ወታደሮችን ስም፣ ዕድሜና የሞቱበትን ቀን ይጽፍ ጀመር። ይገድሉታል፤ በሚቀጥለው ዙር ተነሥቶ ካቆመበት ይቀጥላል። አንዳንዶች ዝም በል አሉት፤ በድምፅ ብልጫም ከጨዋታው ያስወጡት ነበር። እስከ 2011 መጨረሻ ከ4,400 በላይ ስሞችን ጻፈ። የኢራቃውያኑን ሟቾች ስም ዝርዝር ግን ከጌሙ ባለቤት ጦር ማግኘት አይቻልም ነበር።

የ«አሜሪካስ አርሚ» ሰርቨሮች ግንቦት 5 ቀን 2022 ተዘጉ።