ስለ አክሱም ታናናሽ የነሐስ ሳንቲሞችና ስለ መገኛ ቦታቸው ምስክርነት

የአክሱም መንግሥት ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ አስቀድመው የሚጠቀሱት ሐውልቶቹ፥ የድንጋይ ጽሕፈቶቹና የወርቅ ገንዘቦቹ ናቸው። ስለ ነገሥታቱ ኀይልና ስለ ባሕር ንግዳቸው ብዙው ነገር የታወቀው ከእነዚህ ነው። ነገር ግን በገበያ ቀን ተራው ሕዝብ እርስ በርሱ እንዴት ይገበያይ እንደ ነበረ የሚናገረው ሌላ ምስክር ነው፤ እርሱም ክብደቱ አንድ ግራም ያህል፥ ስፋቱ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ የነሐስ ሳንቲም ነው። ይህ ምስክር አንድ ጠባይ አለው፤ ከወደቀበት ስፍራ ከተለየ ቃሉ እጅግ ያጥራል። የወርቅ ሳንቲም የትም ቢገኝ የንጉሡን ስምና የወርቁን ልክ ይናገራል፤ ታናሹ ነሐስ ግን ከሚናገረው ሁሉ ዋናው «በዚህ ስፍራ ነበርሁ» የሚለው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያሉትን ሳንቲሞች መሰብሰብ ዕውቀትን ማከማቸት ወይም ዕውቀትን ማጥፋት ይሆናል፤ ልዩነቱም መገኛቸውን በመመዝገብና ባለመመዝገብ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን በሚገባ ለመረዳት በዚያ ዘመን የነበረውን የሮማን ገንዘብ አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል። በአራተኛውና በአምስተኛው መቶ ዘመን የሮማ የነሐስ ገንዘብ እያነሰ ሄዶ፥ ኑሙስ የተባለው ሳንቲም በመጨረሻ ስፋቱ አንድ ሴንቲሜትር ያህል፥ ክብደቱም አንድ ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ሆነ። በ445 የወጣው የምዕራቡ ቄሣር የሣልሳዊ ዋለንቲንያኖስ ሕግ፥ ከገንዘብ ለዋጭ በ7,200 ኑሙስ የተገዛ አንድ የወርቅ ሶሊዱስ ከ7,000 ኑሙስ ባነሰ እንዳይሸጥ ያዝዛል። አንድ የወርቅ ሳንቲም በሰባት ሺሕ ነሐስ በሚመነዘርበት አገር ከፍ ያለውን ሒሳብ አንድ በአንድ ቈጥሮ መክፈል አድካሚ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ፎሊስ የሚለው የገንዘብ ስም ራሱም በላቲን ቋንቋ ከረጢት ማለት ነው። በ498 ቄሣር አንስጣስዮስ 40 ኑሙስ የሚያወጣ ትልቅ የነሐስ ሳንቲም በማሠራቱ ችግሩ ተቃለለ። ይሁን እንጂ ታናሹ ኑሙስ ከሮማ ግዛት አልፎ ብዙ ርቆ ሄዶ ነበር። በደቡብ ህንድና በስሪላንካ እንዲህ ያሉት ሳንቲሞች በብዙ ሺሕ ተገኝተዋል፤ በስሪላንካም የአገሩ ሰዎች አስመስለው ይሠሯቸው ነበር።

አክሱም የራሱን ገንዘብ ማሠራት የጀመረው በሦስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ በንጉሥ እንዱቢስ ጊዜ ነው። ከዚያም እስከ ሰባተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ወርቅ፥ ብርና ነሐስ ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን በስሙ የወርቅ ገንዘብ የሚያሠራ መንግሥት በዓለም ላይ ጥቂት ስለ ነበረ፥ ይህ ተግባር የአክሱምን የክብር ደረጃ ያሳያል። በአራተኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ ላይ በነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት ፈንታ መስቀልን አኖረ። የወርቁ ገንዘብ ከጥቂቱ በቀር በጽርእ ቋንቋ ይጻፍ ነበር፤ የሚመለከተው የውጭ ነጋዴን ነውና። የብሩና የነሐሱ ጽሕፈት ግን ቀስ በቀስ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ይህ የቋንቋ መለያየት ብቻውን፥ ወርቁና ነሐሱ ለሁለት ዓይነት ተጠቃሚዎች እንደ ተሠሩ ያስረዳል።

ከነሐሱ ሁሉ በብዛት የሚገኘው የንጉሥ ስም የሌለበት ዓይነት ነው። በአንድ ፊቱ የንጉሥ ምስልና በጽርእ «ንጉሥ» የሚል ቃል ብቻ አለበት፤ በሌላው ፊቱ መስቀል ሲኖር ዙሪያውን «ይህ ለሀገሩ ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጕም ያለው የጽርእ ጽሕፈት ይከበዋል። የኋለኞቹ ነገሥታትም በነሐሳቸው ላይ ለሕዝቡ ደስታን፥ ሰላምንና ምሕረትን የሚመኝ ቃል በግዕዝ አስቀርጸዋል። በተራው ሰው እጅ በሚዞር ሳንቲም ላይ መንግሥት ለሕዝቡ እንዲህ ብሎ መናገሩ፥ ሳንቲሙ ከመለዋወጫነት በላይ የመንግሥት መልእክተኛ እንደ ነበረ ያሳያል። ከዚህም በላይ የአክሱም ሠራተኞች በአንዳንዱ ብርና ነሐስ ላይ መስቀሉን ወይም የንጉሡን ራስ ዙሪያ በወርቅ ይለብጡ ነበር፤ በዋጋው ታናሽ ለሆነ ገንዘብ ይህን ያህል ድካም መውጣቱ በጥንቱ ዓለም እንግዳ ነገር ነው።

የሁለቱን ገንዘቦች ጕዞ የሚያስተምረው የመገኛ ስፍራቸው ነው። በ1980 በደቡብ የመን፥ አል ማድሃሪባ በተባለው ስፍራ፥ 868 የአክሱምና 326 የሮማ የወርቅ ሳንቲሞች በአንድነት ተቀብረው ተገኙ። ከዚህም የአክሱም ወርቅ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ከሮማ ወርቅ ጋር ጐን ለጐን ይሠራበት እንደ ነበረ ታወቀ። ነሐሱ ግን በብዛት የሚገኘው በትግራይና በኤርትራ ደጋ ነው። ቢሆንም አንዳንዱ በግብፅና በፍልስጥኤም፥ በኢየሩሳሌም ጭምር፥ ተገኝቷል፤ በዚያም በቅርጹና በክብደቱ ከኑሙስ ጋር ስለሚቀራረብ እንደ ኑሙስ ሳይቈጠር አልቀረም። ይህን ያመጡት ተሳላሚዎች ናቸው ወይስ ነጋዴዎች የሚለው ጥያቄ ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ለክርክሩ ብርሃን የሚሰጠው የሳንቲሙ መልክ ሳይሆን፥ ከየትኛው ቤት ወለል፥ ከየትኛው የአፈር ድርብ፥ ከየትኞቹ ሌሎች ሳንቲሞች ጋር እንደ ወጣ የሚገልጸው መዝገብ ነው።

የእነዚህ ሳንቲሞች ጥናት ለሰብሳቢዎች ብዙ ባለዕዳ መሆኑን መካድ አይገባም። በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን የጐበኙት ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል የአክሱምን ገንዘብ ለአውሮጳ ሊቃውንት ካስተዋወቁት ቀደምት ሰዎች አንዱ ናቸው። ጣሊያናዊው አርቱሮ አንዛኒ በ1926 ያሳተሙት ሥራ በየስፍራው የተበተኑትን ሳንቲሞች በሥርዓት አሰባሰበ። ስቱዋርት ሙንሮ ሄይ በ1984 ዝርዝራቸውን ሲያወጡ፥ ኔቪል ቺቲክ በ1973 እና በ1974 በአክሱም ካደረጉት ቍፋሮ የወጡትንም አጥንተው ነበር። በኦክስፎርድ ሐኪም የነበሩት ቤንት ዩል ዬንሰን የሰበሰቡት በአሽሞልያን ሙዚየም ተቀምጧል፤ የሙዚየሙ የአክሱም ሳንቲሞች ዝርዝርም በ2016 ታትሟል። ከእነዚህ ሥራዎች የነገሥታቱ ተራ፥ የማኅተሞቹ ዓይነትና የክብደቱ ለውጥ ተለይቶ ታወቀ። ነገር ግን በግል ስብስብ ውስጥ ካሉት ሳንቲሞች ብዙዎቹ ከየት መንደር፥ ከየት ማሳ እንደ መጡ አይታወቅም። ስለ ነገሥታቱ የሚጠየቀው ጥያቄ ሲመለስ፥ ስለ ገበያው የሚጠየቀው ሳይመለስ የቀረው ስለዚህ ነው።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከመገኛው ነው። በአክሱም ዙሪያ ዝናም አፈሩን ሲያጥበው፥ ማረሻም ሲገለብጠው፥ ታናናሾቹ ሳንቲሞች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ልጆችና ገበሬዎችም ለቅመው ለእንግዳ ይሸጧቸዋል። እንግዳው መልኩ የጠራውን ስለሚመርጥ ሻጩ ሳንቲሙን ይፈትገዋል ወይም በሎሚና በሌላ ኮምጣጣ ነገር ያጥበዋል፤ በዚህም ጽሕፈቱና የቀረው የወርቅ ልባጥ ሊጠፋ ይችላል። መልኩ የጠፋው ታናሽ ነሐስ ገዢ ስለማያገኝ ይጣላል። ስለዚህ ወደ ስብስብ የሚገባው የተመረጠው ብቻ ይሆንና፥ በገበያው በእርግጥ የዞረውን ገንዘብ መጠን ሳይሆን የገዢውን ምርጫ ያሳያል።

ነገሩ የሰሜኑን አገር ብቻ የሚመለከት እንዳይመስል፥ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የአርሲዋን ኢተያን በምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ኢተያ የታወቁት የአክሱም ነሐስ መገኛዎች ካሉበት አገር በብዙ መቶ ኪሎሜትር ትርቃለች። በኢተያ የስንዴ ማሳ፥ በትራክተር ማረሻ ሥር አንዲት የአክሱም ነሐስ ብትወጣና ስፍራዋ ቢመዘገብ፥ ስለ ደቡቡ ደጋ የጥንት ንግድ የሚታሰበውን ሁሉ እንደ ገና ለመመርመር ታስገድዳለች። ያችው ሳንቲም በአሰላ ሱቅ ውስጥ ያለ ታሪክ ብትገኝ ግን ትናንት ከሰሜን በመንገደኛ ኪስ የመጣች ልትሆን ስለምትችል ምንም አታስረዳም። ሳንቲሟ አንዲት ናት፤ ምስክርነቷን የሰጣት ወይም የነሣት አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። የቅርቡ ዘመን ታናሽ ገንዘብም እንዲሁ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ካሠሯቸው ታናናሽ ገንዘቦች አንዱ ቤሳ ነበር፤ በገበያ ግን አሞሌና ጥይት ለምንዛሪ ያገለግሉ ስለ ነበር ቤሳው ከጠረፍ እስከ ጠረፍ እኩል አልተቀበሉትም። «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የሚለው አነጋገር በሕዝብ አፍ ቀርቷል። ቤሳው በየትኛው ገበያ እንደ ገባና በየትኛው እንዳልገባ የሚታወቀው ግን ሳንቲሙ የወደቀበት ስፍራ ሲጻፍ ነው።

በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209፥ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ሕጉ ግን የሚሠራው ያገኘው ሰው ታናሿን ሳንቲም ቅርስ ናት ብሎ ሲያስብ ነው፤ ለዚህም መምህራንና ተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ ለገበሬው ቅርብ ናቸው። ሳንቲሟን ሳያጥቡና ሳይፈትጉ፥ የወጣችበትን ማሳ፥ ጥልቀቱን፥ ቀኑንና አብሯት የተገኘውን ገል ወይም ከሰል መጻፍ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ወርቁን የሚጠብቀው ዋጋው ነው። ታናሹን ነሐስ የሚጠብቀው ግን ዋጋው ሳይሆን፥ መገኛውን የሚያውቅ ሰው ያን ጊዜውኑ መጻፉ ነው።